«ይህ ገጽ በግንባታ ላይ ነው»

ነገሩ የጀመረው በአንድ ያረጀ ቢዝነስ ካርድ ነው፡፡

ከመካከላችን የአንዷ አክስት ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቅ አላቸው፡፡ ስማችንን እንዳትጽፉ ስላሉን «እትዬ» ብቻ እንበላቸው፡፡ ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ነጠላ ልናማርጥ ጎራ ብለን ሳለ፣ «እናንተ ጋዜጠኝነት ነው አይደል የተማራችሁት? እንግዲያው ኮምፒውተር ታውቃላችሁ፡፡ እስቲ ይቺን ድረ ገጼን አስነሱልኝ» ብለው ከመሳቢያ ውስጥ ካርድ አወጡ፡፡ (ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ይጠግናል የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አንባቢ ካለ ይጻፍልን፡፡) ካርዱ ላይ፣ ከመስመር ስልኩ ቁጥር ሥር፣ በሦስት ደብልዩ የሚጀምር አድራሻ ታትሟል፡፡

አድራሻውን ስልካችን ላይ ጻፍነው፡፡ የተከፈተው ግን ጥበብ ቀሚስ አልነበረም፡፡ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ የቁማር ማስታወቂያ ነው፡፡ እትዬ አማተቡ፡፡

ታሪኩ እንዲህ ነው፡፡ በ1998 ዓ.ም. ሠፈራቸው ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ ልጅ «ሱቅሽ ኢንተርኔት ላይ ካልገባ ዋጋ የለውም» ብሎ አሳመናቸውና ገጹን ሠራላቸው፡፡ ካርዱም ያን ጊዜ ታተመ፡፡ ልጁ ብዙም ሳይቆይ ዲቪ ደረሰውና አሜሪካ ገባ፡፡ የይለፍ ቃሉም አብሮት ተሳፈረ፡፡ የዶሜኑን ዓመታዊ ክፍያ የሚከፍል ሰው ሲጠፋ ስሙ ለገበያ ወጣ፤ ሌላ ሰው አነሳው፡፡ እትዬ እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ካርዱን ለደንበኛ ሲሰጡ ነበር፡፡

እኛም ወደ ቤት እንደገባን ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለውን መዝገብ ከፈትን፡፡ ብሩስተር ኬል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1996 ያቋቋመው፣ የዓለምን ድረ ገጾች እየዞረ የሚቀዳ ድርጅት ነው፡፡ ከ2001 ጀምሮ «ዌይባክ ማሽን» በሚባለው መስኮቱ ማንም ሰው የድሮ ገጽ መፈለግ ይችላል፡፡ የእትዬን አድራሻ አስገባን፡፡ ሦስት ቅጂ ተገኘ!

ቢጫ ጀርባ፡፡ ከቀኝ ወደ ግራ የሚንሸራተት የእንግሊዝኛ «እንኳን ደህና መጡ»፡፡ የጎብኚ ቆጣሪ፣ 214 ላይ የቆመ፡፡ የሱቁ የአማርኛ ስም መሆን በነበረበት ቦታ ባዶ ሳጥን፡፡ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአካፋ የሚቆፍር ቢጫ ቆብ ያደረገ ትንሽ ሰውዬ፣ ከሥሩም በእንግሊዝኛ «ይህ ገጽ በግንባታ ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ፡፡ ሰውዬው ሳይደክመው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፡፡

ሳቅን፡፡ ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም፡፡ የገጹን ኮድ ከፍተን ስናየው የልጁ ድካም ፊት ለፊታችን መጣ፡፡ ኮዱ ራስ ላይ ገጹ የተሠራበት ሶፍትዌር ስሙን ጽፏል፤ ማይክሮሶፍት ፍሮንትፔጅ ይላል፡፡ ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ተመልካች የማያየው ቦታ ላይ፣ የአንድ የውጭ አገር አበባ መሸጫ ስም ቀርቷል፡፡ ልጁ የአበባ ሱቅ ገጽ ቀድቶ አበባውን አውጥቶ ነጠላ አስገብቶበታል ማለት ነው፡፡ ስሙን ሳያጠፋው ቀረ፡፡

ታዲያ ይህ ሌብነት ነው? እንደዚያ እንዳንል የድረ ገጽ ታሪክ ራሱ ይከለክለናል፡፡

ቲም በርነርስ-ሊ የተባለው እንግሊዛዊ፣ ጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን የተባለ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ የመጀመሪያውን ድረ ገጽ ሲያቆም ያሰበው ነጋዴን አልነበረም፡፡ ተመራማሪዎች ሰነዶቻቸውን እንዲለዋወጡ ነበር፡፡ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ በቀይ ቀለም «ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፤ እንዳታጠፉት» የሚል ወረቀት ለጥፎ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ከጠፋ ድረ ገጽ የሚባል ነገር ከዓለም ጠፋ ማለት ነውና፡፡ (መብራት እንደኛ ሠፈር ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ዛሬ አታነቡትም ነበር፡፡) ለገጽ መጻፊያ የሠራው ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤል፣ በ1991 ይፋ ሲሆን 18 ምልክቶች ብቻ ነበሩት፡፡ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ወደ ሌላ ገጽ ይወስዳል፤ በቃ፡፡ ፊደል የቆጠረ ሰው በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ነገር፡፡

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህን ነው፡፡ የበርነርስ-ሊ የመጀመሪያው ብራውዘር ማንበቢያ ብቻ ሳይሆን መጻፊያም ነበር፡፡ ገጽ ታነባላችሁ፤ እዚያው ላይ የራሳችሁን ትጽፋላችሁ፡፡ አንባቢና ጸሐፊ አንድ ወንበር ላይ ነበሩ፡፡ ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ሰርን ይህን ሁሉ ያለ ክፍያ ለዓለም ሕዝብ ለቀቀው፡፡ በዚያው ዓመት ግን የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ማርክ አንድሪሰንና ኤሪክ ቢና፣ ሞዛይክን አወጡ፡፡ ሞዛይክ ፎቶን ከጽሑፍ ጋር አብሮ ስላሳየ ሕዝብ ወደደው፤ መጻፊያው ግን አልነበረበትም፡፡ ዓለም ድረ ገጽን የተዋወቀው በዚህ በኩል ነው፡፡ ስለዚህም ጀማሪው ገና ከበሩ ሲገባ ተመልካች ሆኖ ተቀመጠ፡፡

አንድ ቀዳዳ ብቻ ተተወለት፡፡ የማንኛውንም ገጽ ኮድ ገልጦ ማየት ይቻላል፡፡ የዚያ ዘመን ጀማሪዎች የተማሩት በዚህ ነው፤ የወደዱትን ገጽ ይገልጣሉ፣ ይቀዳሉ፣ ስሙን ይቀይራሉ፡፡ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ከሸማኔ ጥለት አይቶ እንደሚማረው፡፡ ጥለት አየህብኝ ብሎ የከሰሰ ሸማኔ እስካሁን አልሰማንም፡፡

ነጋዴው የገባው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ በ1994 ፒዛ ሃት በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ክሩዝ ከተማ በኢንተርኔት ትእዛዝ መቀበል ጀመረ፡፡ ደንበኛው ስሙን፣ አድራሻውንና ስልኩን ይሞላል፤ ገንዘቡን ግን የሚከፍለው ፒዛው በሩ ላይ ሲደርስ ነው፡፡ ይህን ነገር ያዙልን፣ እንመለስበታለን፡፡ እስከ 1995 ሴፕቴምበር ድረስ የዶሜን ስም ማስመዝገብ ነጻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ተተመነበት፡፡ የኢንተርኔት መሬት ካርታ ዋጋ አወጣ እንበል፡፡

ለመሆኑ መሬት የሌለው ጀማሪስ? ለእሱ ጂኦሲቲስ ነበረለት፡፡

በ1994 ዴቪድ ቦኔትና ጆን ሬዝነር የመሠረቱት ይህ ድርጅት ለፈለገ ሁሉ በነጻ ቦታ ይሰጥ ነበር፡፡ የሚገርመው አሰጣጡ ነው፡፡ ከተማ ነበር፡፡ ስለ ፊልም ለሚጽፍ «ሆሊዉድ» የሚባል ሠፈር፣ ስለ ኮምፒውተር ለሚጽፍ «ሲሊከን ቫሊ»፣ ስለ ገንዘብና ንግድ ለሚጽፍ «ዎል ስትሪት»፤ በየሠፈሩ ደግሞ የቤት ቁጥር፡፡ ሰዉ ባዶ ቁጥር ፈልጎ ይገባና ቤቱን ይሠራል፡፡ የቤት እመቤቱ፣ ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ የጓሮ ማር ሻጩ ሁሉ ገባ፡፡ የሚንሸራተተው ጽሑፍ፣ ብልጭ ድርግም የሚለው ኮከብ፣ ቆጣሪው፣ የእኛው ቆፋሪ ሰውዬ፣ ሁሉም የዚያ ከተማ ነዋሪዎች ናቸው፡፡ ዲዛይነሮች ሲስቁበት ኖረዋል፡፡ እኛ ግን ከሳቁ በኋላ ስናስበው፣ «በግንባታ ላይ» የሚለው ምልክት የትሕትና ምልክት ነው፡፡ ባለቤቱ «አልጨረስኩም፣ እየተማርኩ ነው፣ ተመልሰህ ና» እያለ ነው፡፡

በ1999 መጀመሪያ ያሁ ጂኦሲቲስን ከሦስት ቢሊዮን ተኩል ዶላር በላይ በሚያወጣ አክሲዮን ለመግዛት ተስማማ፡፡ በዚያው ክረምት አዲስ ውል አወጣ፤ ነዋሪዎቹ ሲያነቡት በገጻቸው ላይ ያለው ሁሉ የያሁ የሚሆን መሰላቸውና አመጽ ተነሳ፡፡ ያሁ ውሉን አሻሻለው፡፡ በኦክቶበር 26 ቀን 2009 ግን አመጽ የማይመልሰው ነገር መጣ፤ ጂኦሲቲስ ተዘጋ፡፡ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾች ከመጥፋታቸው በፊት ኢንተርኔት አርካይቭና በጄሰን ስኮት የሚመራው አርካይቭ ቲም የተባለ የፈቃደኞች ቡድን የቻሉትን ያህል ቀድተው አተረፉ፡፡ የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይሄኔ ነው፡፡ ቤቱን የሠራው ሰው ነው፣ መሬቱ ግን የሌላ ነበር፡፡

ሌላው መንገድ ኪራይ ነው፡፡ ፖል ግርሃምና ሮበርት ሞሪስ በ1995 በመጀመሪያ ያሰቡት የሥዕል ጋለሪዎችን ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ነበር፡፡ ጋለሪዎቹ አልፈለጉም፡፡ (እትዬን ያሳመነው ልጅ ከነሱ ይሻላል፡፡) ፊታቸውን ወደ ሱቅ አዙረው ቪያዌብን ሠሩ፡፡ ሐሳባቸው ለጊዜው አዲስ ነበር፤ ባለሱቁ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ሶፍትዌር ሳይጭን፣ በብራውዘር ብቻ እየነካካ ሱቁን ይሠራል፡፡ ለትንሽ ሱቅ በወር 100 ዶላር፡፡ በ1998 ያሁ ወደ 49 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛቸው፡፡ ዛሬ በማስታወቂያ የሚያሰለቹን «ድረ ገጽዎን በአምስት ደቂቃ» ባዮች፣ እነ ስኩዌርስፔስ፣ እነ ዊክስ፣ እነ ሾፒፋይ፣ ሁሉም የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው፡፡ ሾፒፋይ ራሱ የተወለደው የካናዳው ቶቢ ሉትኬ በ2004 የበረዶ መንሸራተቻ ለመሸጥ ሱቅ ሲሠራ ነው፤ መንሸራተቻው ተረስቶ ሱቅ መሥሪያው ቀረ፡፡

ወደ ልጁ እንመለስ፡፡

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ በይፋ የገባው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው፤ ሰጪውም ቴሌ ብቻ ነበር፡፡ ከዚያ በፊት በአዲስ አበባው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ኢሜይል የሚልኩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፡፡ በ1998 ካፌው ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ያለው በስልክ መስመር የሚንፏቀቅ ኢንተርኔት ነው፡፡ አንድ ፎቶ እስኪወጣ ቡና ይፈላል፡፡ ይህንንስ ቻለው፡፡ ያቃተው ሌላ ነገር ነው፤ የገዛ ፊደሉ፡፡

ያ ባዶ ሳጥን ምን እንደነበር ያወቅነው ኮዱን ስናነብ ነው፡፡ ልጁ የሱቁን ስም በአማርኛ ጽፎ፣ ጽሑፉን ፎቶ አድርጎ ነው የለጠፈው፡፡ አርካይቩ ፎቶውን ሳይቀዳው ስለቀረ ባዶ ሳጥን ሆነ፡፡ ለምን ፎቶ? በዚያን ጊዜ አማርኛ በኮምፒውተር የሚጻፈው እያንዳንዱ ሶፍትዌር በራሱ ቀመር ነበር፡፡ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የዶሮ ጭረት ይሆናል፡፡ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ አማርኛን በላቲን ፊደል ጽፎ መልሶ ወደ ግዕዝ የሚቀይር ሥርዓት አዘጋጅተው ነበር፤ ምህጻረ ስሙ ሲነበብ «ሴራ» ይሆናል፡፡ ከዚህ የበለጠ ሐበሻዊ ስም ከየት ይመጣል! ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 ነው፤ 345 ሆሄና ምልክት ይዞ፡፡ መግባቱ ብቻ ግን አልበቃም፡፡ የካፌዎቹ ዊንዶውስ ኤክስፒ የአማርኛ ፎንት አልነበረውም፡፡ «ኒያላ» የሚባለውን ፎንት አብሮ ይዞ የመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ለሕዝብ የወጣው በጥር 1999 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም ልጁ ገጹን በሠራ በዓመቱ፡፡ ፊደሉ ያኔ መንገድ ላይ ነበር፡፡

የዚህ ዋጋው ቀላል አይደለም፡፡ ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍን ያኔ ጉግል አያነበውም፡፡ ስለዚህ በአማርኛ «የሀበሻ ቀሚስ» ብሎ የፈለገ ሰው እትዬን ሊያገኛቸው አይችልም ነበር፡፡ ሱቁ በራፉ ላይ ስም የሌለው ሱቅ ነበር፡፡ 214 ጎብኚ እንኳ መገኘቱ ይገርማል፤ ግማሹ ልጁ ራሱ ሳይሆን አይቀርም፡፡

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ነው የእትዬን ገጽ እንሥራ ብለን የተነሳነው፡፡ እህታቸው ልጅ፣ ያው ጓደኛችን፣ በመጀመሪያ «ቴሌግራም ቻናል አይበቃም ወይ?» አለች፡፡ እውነት ለመናገር ጥያቄው ትክክል ነው፤ የአዲስ አበባ ትንሹ ንግድ ዛሬ የሚኖረው እዚያ ነው፡፡ እትዬ ራሳቸው መለሱላት፡፡ በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ፣ የጎረቤታቸው ሱቅ ሙሉ የደንበኛ ዝርዝሩ ቴሌግራም ላይ ነበር፡፡ ያ የፋሲካና የሠርግ ወቅት ነው፡፡ «ልጅቷ ቪፒኤን ቪፒኤን እያለች ፋሲካ አለፈ» አሉን፡፡ ስለ ጂኦሲቲስ የነገርናቸው ነገር የለም፤ ነገሩን ግን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል፡፡

ስለዚህ አንድ ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ ኤችቲኤምኤል፣ እንደ 1991፡፡ ከላይ የሱቁ ስም በእውነተኛ የአማርኛ ፊደል፤ ከዚያ ስድስት ፎቶ፣ ስልክ፣ አቅጣጫ፡፡ ኮዱ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን፡፡ ከኮዱ ይልቅ ያንገላታን ሌላው ነው፡፡ ለዶሜኑ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ደግሞ ከመካከላችን ማንም የለውም፡፡ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስት ልጅ ትክፈልልን አልን፡፡ ልትከፍል ስትል ቆም አልን፤ የዛሬ ሃያ ዓመቱ ልጅ ታሪክ ሊደገም ነዋ! ዞሮ ዞሮ ገንዘቡን እሷ ከፈለች፤ ስሙ ግን የተመዘገበው በእትዬ ስም፣ በእትዬ ኢሜይል ነው፡፡ የይለፍ ቃሉ፣ የድርጅቱ ስምና የሚታደስበት ቀን፣ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የዱቤ መዝገባቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፡፡ ጀማሪ የሆነ አንባቢያችን ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ከወሰደ ይህን ይውሰድ፡፡

ትልቁ ጭቅጭቅ ግን ዋጋ ነበር፡፡ እኛ «ዋጋ በኢንቦክስ» በሚባለው በሽታ የተማረርን ትውልድ ነንና ዋጋው ይጻፍ አልን፡፡ እትዬ አሻፈረኝ አሉ፡፡ «ዋጋ ከጻፍኩ ጎረቤት ያየዋል፤ ደንበኛም ምን ሊከራከር ይመጣል?» ተሳሳቱ ልንል ነበር፡፡ ሲያስረዱን ግን፣ ጥበብ ቀሚስ ዋጋ ያለው ዕቃ ሳይሆን ድርድር ያለው ዕቃ ነው፤ የፈትሉ ቅጥነት፣ የጥለቱ ስፋት፣ ሸማኔው የፈጀው ቀን፣ የደንበኛዋ የሠርግ ቀን ቅርበት ሁሉ ይገባበታል፡፡ በየአገሩ የተሠራው የኦንላይን ሱቅ ሁሉ አንድ ዕቃ አንድ ዋጋ አለው ብሎ የጀመረ ነው፡፡ ሽሮ ሜዳ እንደዚያ አልጀመረችም፡፡ በመጨረሻ ተስማማን፤ የነጠላና የጋቢ ዋጋ ይጻፋል፣ የሠርግ ቀሚስ አይጻፍም፡፡

ክፍያስ? ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅም ቁጥር 1205 ተብሎ በ2012 ወጥቷል፡፡ እትዬ ግን «መጀመሪያ ይደውሉ፤ ዕቃው ሲደርሳቸው ይክፈሉ» አሉ፡፡ ሳንታ ክሩዝ፣ 1994!

ገጹ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ደወሉ፡፡ ነጠላውን ድረ ገጹ ላይ አይተው ነው፡፡ ዋጋው እዚያው ተጽፏል ብንላቸው፣ «አይቼዋለሁ፤ እሱማ መነሻው ነው፣ መጨረሻውን ንገሩኝ» አሉ፡፡ እትዬ ስልኩን ከእጃችን ነጥቀው ወንበር ሳቡ፤ ፊታቸው በራ፡፡

ያን ቀን ማታ ገጹን አንድ በአንድ እያሳየናቸው ሳለ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ያ የሚቆፍረው ልጅ የታለ?» ብለው ጠየቁን፡፡ አወጣነው አልን፡፡ «ለምን? ሱቁን እሱ አይደል እንዴ ሲጠብቅ የኖረው!»

ኢንተርኔት አርካይቭ በ2016 ከጂኦሲቲስ ፍርስራሽ የለቀማቸውን ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች መፈለጊያ ከፍቶ ነበር፡፡ «ግንባታ» ብለን በእንግሊዝኛ ፈለግን፡፡ በመቶ የሚቆጠሩ ቆፋሪዎች መጡ፤ ረጅም፣ አጭር፣ ዶማ የያዘ፣ አካፋ የያዘ፡፡ እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ እያዩ፣ «ይሄ አይደለም… ይሄም አይደለም…» ሲሉ አመሹ፡፡ ሊመሽብን ሲል አገኙት፡፡ አሁን ከገጹ ግርጌ፣ ከስልክ ቁጥሩ ሥር፣ ይቆፍራል፡፡